ለውርርድ ቲኬት ጠልሰም አላትምም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ስፖርት ውርርድ ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። ስለሚባክነው ገንዘብ፣ ትምህርታቸውን ስለሚያቋርጡ ልጆች፣ ስለ ሥራ አጥነቱ በደንብ ተናግሯል። አንድ ነገር ግን ሳይነሳ ቀርቷል። ውርርዱ ብቻውን አልመጣም፤ ጥንቆላን አስከትሎ ነው የመጣው። የድሮ አባቶች ቁማርተኛውንና ጠንቋዩን በአንድ ዓይን ያዩት ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህንን ላስረዳ ብዬ ነው የምጽፈው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የተማሪ አሳይመንት አትማለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ያመኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣ። እናቱ ደብተር ልትገዛለት እጁን ይዛ ስታመጣው ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው። ስልኩን አቀበለኝና «እትዬ፣ ይችን አትሚልኝ፤ ግን አሳንሻት፣ ኪስ ቦርሳ ውስጥ እንድትገባ» አለኝ። አየሁት። አራት ማዕዘን ሥዕል ነው። መሐሉ ላይ ዓይኑ የፈጠጠ ፊት አለ። በአራቱም ማዕዘን ክንፍ የመሰለ ነገር ወጥቶለታል። ጠልሰም ነው፤ ክታብ ላይ የሚሳል የአስማት ሥዕል። ከሥሩ የልጁ የክርስትና ስምና የእናቱ ስም ተጽፏል። ከዚያ በታች «ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ በአማርኛ ትእዛዝ አለ፦ ከቲኬቱ ጋር አጥፈህ ያዝ፣ ጨዋታዎቹ እስኪያልቁ ውሃ እንዳይነካው።

«ማነው የላከልህ?» አልኩት።

«አንድ መሪጌታ ናቸው፣ በቴሌግራም።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም። እዚሁ ጎጃም ነኝ ነው የሚሉት።»

«የእናትህን ስም ምን ያደርግላቸዋል?»

«ኮከቤን ሊቆጥሩበት ነዋ!»

አላተምኩለትም። እሱም ተቆጥቶ አልሄደም። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለና አወራኝ። ደጋግሞ ተበልቷል። መጨረሻ የቆረጣት ቲኬት ብዙ ጨዋታ ነበረባት፤ በአንድ ጎል ተቃጠለች። አንድ ጎል! ሌላው ሁሉ ገብቶለት ነበር። ይህንን ለመሪጌታ ተብዬው ሲነግረው «ዓይነ ጥላ አለብህ፣ ዕድልህ ታስሯል፣ እኔ እፈታልሃለሁ» አለው። ልጁም አመነ። ለምን አያምን? በአንድ ጎል የተሸነፈ ሰው የሆነ እጅ እንደያዘው ነው የሚሰማው።

በጣም ያንገበገበኝ ግን እነዚያ አምስቱ ስሞች ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የጌታ አምስቱ ቅንዋት፣ የተቸነከረባቸው ችንካሮች ስሞች ተብለው ነው የሚጠሩት። አባቴ በሰሙነ ሕማማት እነዚህን ስሞች ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አሁን እስቲ አስቡት። ጌታ በእነዚያ ችንካሮች ተሰቅሎ ሳለ ከእግሩ ሥር ምን ይደረግ ነበር? ወታደሮቹ ለቀሚሱ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ አለ፤ ዳዊትም ቀድሞ ተናግሮታል። በስቅለት ዕለት እየሰገድን የሰማነው ነው። የችንካሮቹን ስም በቲኬት ጠቅልሎ ኪስ መክተት ማለት ከሰጋጆቹ መሐል ተነስቶ ከወታደሮቹ ጋር መቀመጥ ነው። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ቁማር መናገር የጀመረችው ገና ከጥንት ነው። የሐዋርያት ቀኖና ተብሎ የሚታወቀው ሥርዓት ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ዳይስ መጫወትንና ስካርን ካልተወ ከሹመቱ ይሻር ይላል። አንባቢውም፣ መዘምሩም፣ ምእመኑም ካልተወ ከቁርባን ይለይ ይላል። እዚህ ላይ ቁማር የተጣመረው ከስካር ጋር ነው። ከጣዖትና ከጥንቆላ ጋር ያለው ዝምድና ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስፔን ውስጥ ኤልቪራ በተባለች ከተማ ጳጳሳት ተሰብስበው ነበር። የጉባኤው 79ኛ ቀኖና በገንዘብ ዳይስ የተጫወተ ክርስቲያን ከቁርባን ይከልከል፣ ጠባዩን ካረመ ከአንድ ዓመት በኋላ ይመለስ ብሎ ደነገገ። ለምን ይህን ያህል ጠበቀ? ታሪክ ጸሐፊዎች ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ በመጫወቻው ላይ የአረማውያን አማልክት ምስል ይቀረጽ ስለነበር ነው የሚል ነው። ተጫዋቹ ሲጥል የአንዷን አምላክ ስም ይጠራል፣ እንድትረዳውም ይለምናል። ለጳጳሳቱ ይህ ጨዋታ አልነበረም፤ ጸሎት ነበር፣ ለጣዖት የሚቀርብ ጸሎት።

ሌላም አለ። በካርታጎው ጳጳስ በሲፕሪያን ስም ሲነገር የኖረ፣ የእሱ እንዳልሆነ ግን ሊቃውንት የሚስማሙበት አንድ ጥንታዊ የላቲን ስብከት አለ። (ይህ ሲፕሪያን ጠንቋይ ነበር ከሚባለውና ኋላ ካመነው ከቆጵርያኖስ ጋር አይምታታ።) ሰባኪው ዳይስ ተጫዋቹን በቀጥታ ጣዖት አምላኪ ይለዋል። ጨዋታውን ለሰው ያስተማረው ሰይጣን ነው ይላል። ቁማርተኞች ከመጫወታቸው በፊት ለጨዋታው ፈልሳፊ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር ብሎም ይከሳል። ነቢዩ ኢሳይያስም በ65ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔርን ትተው ዕድል ለተባለ ጣዖት ማዕድ የሚያዘጋጁትን ሲወቅስ እናገኘዋለን። አባቴ ይህንን ጥቅስ ብዙ ጊዜ ሲያነሱ እሰማ ነበር። ያኔ ውርርድ ቤት የሚባል ነገር በከተማችን አልነበረም።

ደግሞ ዳይሱ ራሱ ለሁለት ሥራ ይውል ነበር። በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ሦስት ዳይስ እየጣሉ ዕድላቸውን ይጠይቁ ነበር። ሦስት ዳይስ ሲጣል 56 ዓይነት ውጤት ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ውጤት አስቀድሞ የተጻፈ መልስ ነበረው፦ መንገድህ ይቃናል፣ ተው ይቅርብህ፣ ጸልይ። አንዳንዱ መልስ የእግዚአብሔርን ስም ሁሉ የሚጠራ ነበር። በ506 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ አግድ በተባለ ቦታ የተሰበሰበው ጉባኤ በሃይማኖት ስም እንዲህ ያለ የዕጣ ጥንቆላ የሚያደርጉትን አወገዘ። ማታ ገንዘብ የተበላበት ዳይስ ጠዋት ዕድል ሲጠየቅበት ካህናቱ ሁለቱን ነገር ለይተው ማየት እንዴት ይችሉ ነበር?

ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጅ አሉ። ይህንን ስነግራቸው «እኛም ጋ እኮ አንድ ላይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቁርአን 5ኛው ሱራ፣ በማኢዳ ቁጥር 90 ላይ አስካሪ መጠጥ፣ ቁማር፣ ጣዖትና አዝላም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሰይጣን ሥራ ተብለው ተከልክለዋል። አዝላም ዕጣ የሚወጣባቸው ቀስቶች ናቸው። ከእስልምና በፊት የነበሩ ዓረቦች ጉዞ ልሂድ አልሂድ፣ ላግባ አላግባ እያሉ በቀስት ዕጣ ይጠይቁ ነበር። የታረደ ግመል ሥጋ የሚወራረዱትም በቀስት ነበር፤ ያልቀናው የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ሐጅ በስክሪብቶ ደረሰኝ ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። በየትኛውም እምነት ሰው ቁማርና ጥንቆላን ጎን ለጎን ያየው ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የልጅነት ነገር ልናገር። ገበያ ውስጥ ሦስት ካርታ የሚጥል ሰው ይመጣ ነበር። ቀይዋን ያገኘ ይበላል። ባላገሩ የእህል መሸጫውን አስይዞ ይሸነፍና «አፍዝ አደንግዝ አስነክቶኝ ነው» እያለ ይሄዳል። ሰዉ ሁሉ ያምነዋል። አንድ ቀን አባቴ ቆመው አዩና ከዙሪያው ላሉት «እጁን እዩ፣ ፊቱን አትዩ» አሉ። ከላይ ያለችውን ጥሎ ከታች ያለችውን የጣለ ያስመስላል፤ በቃ፣ ነገሩ ይህ ነው። አስማት የለም። ቄሱ ሳይቀር «አስማት ነው» ሲል አባቴ «የለም፣ ፈጣን እጅ ነው» ማለታቸው አሁን ድረስ ያኮራኛል። የተበላ ሰው ግን አፍዝ አደንግዙን ይመርጣል። ተታለልኩ ከማለት ተደገመብኝ ማለት ይቀላል። ቁማር ባለበት ጥንቆላ የሚበቅለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የዛሬው ውርርድም ፈጣን እጅ አለው፤ እጁ ሂሳብ ነው። ለዚያ ልጅ በወረቀት ሠርቼ አሳየሁት። ሁለት እኩል ቡድኖች ተጫወቱ እንበል፣ አቻ መውጣት የለም። እውነተኛው ኦድ፣ ማለት ስታሸንፍ ያስያዝከው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 መሆን ነበረበት። ቤቱ የሚሰጠው ግን 1.90 ነው እንበል። አንተ በአንዱ 100 ብር፣ ጓደኛህ በሌላው 100 ብር ብታስይዙ ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ ለአሸናፊው 190 ይሰጣል። 10 ብር ቤቱ ጋ ቀረ። ማንም አሸነፈ ማን ይቀራል። አሁን እንዲህ ያሉ 10 ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ቁረጥ። ሁሉም የመግባት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ነው። የሚከፈልህ ግን ያስያዝከው 613 እጥፍ ገደማ ነው። የቀረው 411 የት ሄደ? ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር የቤቱ ድርሻ እየከበደ ይሄዳል። «ዕድልህ ታስሯል» የተባለው ይኸው ነው። ያሰረውም ኦዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ይህንን የትኛው ጠልሰም ነው የሚፈታው?

ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ወሰደው። መልካም።

የሚገርመው ይህንን ሂሳብ መጀመሪያ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ራሱ ቁማርተኛም ኮከብ ቆጣሪም ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ጂሮላሞ ካርዳኖ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዳይስን ዕድል በቁጥር አስልቶ ጻፈ። ጌታችንን ሳይቀር ኮከብ ቆጠረለት። በ1570 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ፍርድ ቤት አሰረው። እንዲህ ያለ አእምሮ እንኳ ከሁለቱም አልወጣም።

ነገር ግን ዕጣ በራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። እኔም ዕቁብ አለኝ። ዕጣው ሲወጣ ልቤ ይመታል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ በዕቁብ ማንም የማንንም አይበላም፣ ተራ ብቻ ነው የሚለየው፣ ሁሉም ያዋጣውን ያገኛል። ሐዋርያትም በይሁዳ ቦታ ማትያስን የመረጡት ጸልየው ዕጣ ጥለው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የተመረጠው ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ዕጣ አውጥቶ ነው። እዚያ ሰው ዕጣውን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ የመጣውን ይቀበላል። ቁማርተኛው ዕጣው ወደ ኪሱ እንዲታጠፍ ይፈልጋል። ጠንቋዩ ደግሞ ማጠፊያውን እሸጥልሃለሁ ይለዋል። አባቶች በአንድ ላይ የተቃወሙት ይህንን ፍላጎት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ታሪኩ ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። በ1420ዎቹ እ.ኤ.አ. በርናርዲኖ ዘሲዬና የተባለው ሰባኪ ሮም ውስጥ ሕዝቡን ቀስቅሶ የቁማር ገበታዎችንና ክታቦችን በአንድ ክምር አስቃጠለ። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ጠንቋይ ነሽ ተብላ በእሳት ተቃጠለች። እኛም ጋ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንቆላን ሲያጠፉ የገዛ ልጆቻቸውን ጭምር በዚሁ ክስ ቀጥተዋል፤ ሞተውበታልም። በአገራችን ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን ቡዳ እያልን ስንት ግፍ ሠርተናል! ስለዚህ እኔ የምፈልገው ማሳደድ አይደለም። የተበላው ልጅም፣ ለልጇ ብላ ጠንቋይ ቤት የሄደች እናትም ሊሸማቀቁ አይገባም። የማወራው ስለ ሻጩ ነው።

ሻጩ ደግሞ በእኛ ስም ነው የሚነግደው። ስልካችሁን ክፈቱና እዩ። «መሪጌታ እገሌ፣ ከጎጃም፣ ለመስተፋቅር፣ ለገበያ፣ ለሎተሪ፣ ለቤቲንግ።» ፎቶው ነጭ ጥምጥም ያደረገ ሰው ነው። ይህ ማስታወቂያ ባየሁት ቁጥር የአባቴ ተማሪዎች ፊቴ ላይ ይመጣሉ። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ውሻ እየነከሳቸው የሚለምኑ ልጆች ነበሩ። ማታ በኩራዝ፣ ሌሊት በብርድ ቅኔ ይቆጥራሉ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ በዚህ መከራ ነው ስማቸው የተተከለው። ድጓውን፣ አቋቋሙን፣ ቅኔውን ዘልቆ መሪጌታ ለመባል የወጣትነት ዕድሜ ያልቃል። ያንን ስም አንድ ሰው ስልክ ላይ ጽፎ የልጆችን ገንዘብ ይበላበታል። ከዚያ አገር ሁሉ «ጎጃም የመተት አገር» ይለናል። ይህ ስድብ ለረጅም ጊዜ ተሸክመነዋል፣ አሁን ግን የንግድ ምልክት ሆነ።

አስማት የሚደግም፣ አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ በእኛ አገር ኖሮ አያውቅም አልልም። ነበረ፣ አለም። አባቴም ያውቋቸው ነበር። የእናትህን ስም የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥምህ ተነስተህ ሂድ ይሉን ነበር። ስምና የእናት ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ፣ ለ12 ተገድፎ ኮከብ ይወጣል። የቴሌግራሙ ሰው የሚሠራውም ይህንኑ ነው፣ ወይም የሚሠራ ያስመስላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን አስተምራ አታውቅም፤ ስታወግዘው ነው የኖረችው።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው እነዚህ «መሪጌታዎች» እነማን እንደሆኑ እንድትከታተሉ ነው። የባንክ ሒሳብ አላቸው፣ ስልክ አላቸው፣ ሊደረስባቸው ይችላል። ዜና ስትጽፉም እባካችሁ «መሪጌታ» እያላችሁ አትጥሯቸው። ሀገረ ስብከታችን ደግሞ በየደብሩ ይህንን በስም ጠርቶ ይናገር። በደፈናው «ጥንቆላ ኃጢአት ነው» ከተባለ ልጆቹ «እኛ ጠንቋይ ቤት አልሄድንም፣ መሪጌታ ነው ያማከርነው» ይላሉ። ሰባኪው ኦዱንም ቢያስረዳ ደስ ይለኛል፤ ከላይ የሠራሁት ሂሳብ ከ8ኛ ክፍል አያልፍም። በየመስጊዱም እንዲሁ እንዲነገር ሐጅን ለምኛቸዋለሁ።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል። በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቢቸና ፎቶኮፒ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ሥዕል በእናንተም ማሽን ላይ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። እኔ በሬ ላይ «ጠልሰምና የዕድል ጽሑፍ አናትምም» ብዬ ለጥፌአለሁ። የተወሰነ ደንበኛ ሄዶብኛል፤ አንዳንዱ ግን ምክንያቱን ጠይቆኝ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠርተናል። እባካችሁ እናንተም ለጥፉ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የሒሳቡን ወረቀት በነፃ ኮፒ አድርጌ ለሚፈልግ እሰጣለሁ። ለመለጠፍ የሚፈልግ ባለ ሱቅ ካለም ይላክልኝ ካለኝ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፣ ደብረ ማርቆስ
(ስሜና አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ)